መቅዳቱ ይፍጠን፣ ማሳየቱ ይዘግይ፦ የአያትን የሕይወት ታሪክ በካሜራ ስለ መሰነድ

ዛሬ ሰማንያ ዓመት የደፈኑ አንዲት እናት የተወለዱት የጣሊያን ወረራ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በአንድ ዕድሜ ውስጥ የዘውዱን ሥርዓት፣ የ1965 እና የ1966ቱን የወሎ ረሃብ፣ የ1966ቱን አብዮት፣ የየካቲት 1967ቱን የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቀይ ሽብርን፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን፣ የ1977ቱን ድርቅና ሠፈራ፣ የ1983ቱን የመንግሥት ለውጥ አይተዋል። ስለ እነዚህ ክንውኖች የተጻፈው አብዛኛው ሰነድ ነገሩን የሚመለከተው ከአዋጁ፣ ከጦር ግንባሩና ከከተማው አደባባይ ነው። አዋጁ በአንድ ጓሮ ውስጥ ምን እንደ ለወጠ፣ በረሃቡ ዓመት ከቤቱ ዕቃ የትኛው ቀድሞ እንደ ተሸጠ፣ ልጇ የተወሰደባት እናት በማግስቱ ለጎረቤት ምን ብላ እንደ መለሰች የሚያውቁት ግን እኚህ ሴትና የዕድሜ እኩዮቻቸው ናቸው።

ስለዚህ አንድ የፊልም ባለሙያ ካሜራውን ይዞ ወደ ገዛ አያቱ ቤት ሲገባ ሥራው ከቤተሰብ ማስታወሻነት ያልፋል፤ የታሪክ ምንጭ እየፈጠረ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነጥቦችን ይሞግታል። አንደኛ፣ የልጅ ልጅ የሚቀዳው ቃል ከሌሎች የቃል ምንጮች የተለየ ባሕርይ ስላለው ጠያቂው ከምስሉና ከድምፁ ተቆርጦ ሊወጣ አይገባም። ሁለተኛ፣ መቅዳትና ለሕዝብ ማሳየት ሁለት የተለያዩ ተግባራት ስለ ሆኑ በተለያየ ፍጥነትና በተለያየ ፈቃድ ሊመሩ ይገባል።

የቤተ መጻሕፍቱ ምሳሌ እና ጉድለቱ

ማሊያዊው ጸሐፊና የቃል ትውፊት አጥኚ አማዱ ሃምፓቴ ባ እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኔስኮ ባሰማው ንግግር የአፍሪካዊ አዛውንትን ሞት ከቤተ መጻሕፍት መቃጠል ጋር ማመሳሰሉ በሰፊው ይታወቃል። ምሳሌው በዘመኑ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ የተጻፈውን ብቻ እንደ ዕውቀት ይቆጥር የነበረውን ተቋም ወደ ቃል ምንጮች እንዲመለከት አስገድዷል። ዛሬ ግን ይኸው ምሳሌ በፊልም ባለሙያዎች ዘንድ የችኮላ ምክንያት እየሆነ መጥቷል። ቤተ መጻሕፍት ሊቃጠል ከሆነ ማንም የቻለውን መጽሐፍ ጠርጎ ያወጣል፤ የመጽሐፉን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

አያት እንዲህ አይደሉም። አንድን መጽሐፍ ማንም ቢገልጠው የሚያነበው ያንኑ ገጽ ነው። አዛውንት ግን ለማን እንደሚናገሩ አይተው ይናገራሉ። ለቡና ጎረቤት የሚነገረው፣ ለንስሐ አባት የሚነገረው፣ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚነገረውና ለልጅ ልጅ የሚነገረው አንድ ታሪክ አራት መልክ ሊኖረው ይችላል። ከአራቱ አንዱ እውነት፣ ሦስቱ ሐሰት አይደሉም። ካሜራው የሚያገኘው ግን ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው፤ የትኛውን እንዳገኘ የሚታወቀውም ከካሜራው ኋላ ማን እንደ ነበር ሲታወቅ ነው።

ጠያቂው የልጅ ልጅ ሲሆን

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል በተዘጋጁ የመመረቂያ ጽሑፎች መጨረሻ የመረጃ ሰጪዎችን ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተካሄደበትን ቦታና ቀን የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ማስፈር የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ የቃል ምንጭን በተጻፈ ምንጭ ልክ ተጠያቂ ለማድረግ የታለመ ነውና ሊመሰገን ይገባል። በሠንጠረዡ ውስጥ የማይገኝ አንድ ዓምድ ግን አለ፤ ጠያቂው ለተጠያቂው ምን ይሆናል የሚለው። ጠያቂው እንግዳ በሆነበት ጥናት ይህ ዓምድ ቢቀር ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። በቤተሰብ ፊልም ግን የጉዳዩ እምብርት ይኸው ነው።

የልጅ ልጅ መሆን በር ይከፍታል፣ በርም ይዘጋል። የሚከፍተው በር ግልጽ ነው፤ መተማመን አለ፣ ጊዜ አለ፣ የቤቱን ቋንቋ ማወቅ አለ። የሚዘጋው በር ብዙ ጊዜ አይታይም። አያት የልጅ ልጃቸውን ሲያነጋግሩ «ያን አጎትህን ታውቀው የለ» ብለው ያልፋሉ፤ ለእንግዳ ቢሆን አጎቱ ማን እንደ ነበረ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ተጣላ ያብራሩ ነበር። ከዚህም በላይ ለልጅ የማይነገር ነገር አለ። ስለ ሠርግ ሌሊት፣ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ምጥ፣ ሞቶ ስለ ተወለደ ሕፃን፣ በቤት ውስጥ ስለ ነበረ ዱላ ለልጅ ልጅ መናገር በብዙ ቤት ነውር ነው፤ ጠያቂው ወንድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እነዚህ ጉዳዮች ከፊልሙ ሲጎድሉ ተመልካች «አልነበሩም» ብሎ እንዲደመድም ይገፋፋል።

ጃፓናዊቷ ዳይሬክተር ናኦሚ ካዋሴ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ምሳሌ ትሆናለች። ካዋሴ ከወላጆቿ ተለይታ ያደገችው እንደ አያት ባሳደጓት አረጋዊት ዘመዷ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሠራችው «ካታትሱሞሪ» በተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም እኚህን ሴት በጓሮ አትክልታቸው መካከልና በቤታቸው ውስጥ ቀርጻለች። ካሜራው ወደ ፊታቸው እጅግ ይቀርባል፤ የቀራጯ እጅም ወደ እርሳቸው ሲዘረጋ በምስሉ ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ታራቺሜ» ደግሞ ያረጁትን አሳዳጊዋን በልጅነቷ ስለ ነገሯት የሚያሳምም ቃል አጥብቃ ትጠይቃቸዋለች። ሁለቱ ፊልሞች ጎን ለጎን ሲታዩ ካሜራ የያዘ የልጅ ልጅ ፍቅርንም ሥልጣንንም በአንድ እጁ እንደሚይዝ ያሳያሉ። ተመልካች ይህን መመዘን የቻለው ካዋሴ እጇንና ድምፅዋን ከፊልሙ ስላላወጣች ነው። ጥያቄውን ቆርጣ መልሱን ብቻ ብታስቀር ኖሮ የአሮጊቷ ቃል ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

በእኛ ሀገር በቴሌቪዥን ልማድ የጠያቂው ድምፅ ይቆረጣል፤ አዛውንቱ ያለ ጠያቂ በራሳቸው ተነሣሥተው የሚናገሩ መስለው ይቀርባሉ። ይህ ልማድ ለዜና ያመች ይሆናል። ለታሪክ ምንጭነት ግን ግማሹን ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ግሡ ራሱ ምስክር ነው

የአማርኛ ተናጋሪ አያት ስለ ጋብቻቸው ሲያወሩ ቢያንስ ሦስት ግሦች አሏቸው፤ «አገባሁ»፣ «ተዳርሁ» እና «ዳሩኝ»። የመጀመሪያው ተናጋሪዋን የድርጊቱ ባለቤት ያደርጋል። ሁለተኛው ድርጊቱን በእርሳቸው ላይ የተፈጸመ ያደርገዋል፤ ፈጻሚውን ግን ይሸፍናል። ሦስተኛው ፈጻሚዎቹን በብዙ ቁጥር ይጠቁማል፤ ስማቸውን ግን አይጠራም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አደረገው። የሕጉ ታሪክ ስለ ዕድሜው ይነግረናል፤ በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ውሳኔው የማን እንደ ነበረ የሚነግረን ግን የመረጡት ግሥ ነው። አንዳንዴም በአንድ ጭውውት ውስጥ ግሡ ይለወጣል፤ በመጀመሪያው ሰዓት «አገባሁ» ያሉት አያት በሦስተኛው ሰዓት «ዳሩኝ» ይላሉ። በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ በሚነበብ የትርጉም ጽሑፍ ሦስቱም ወደ አንድ ግሥ ሊጠቀለሉ ይችላሉ።

ስለ ቀይ ሽብር ዘመን የሚነገረው ቃልም እንዲሁ ነው። «ወሰዱት» ይባላል፤ ማን እንደ ወሰደው አይባልም። «እንደ ወጣ ቀረ» ይባላል፤ ሞተ አይባልም። «ቀረ» የሚለው ግሥ ሬሳ ላልተሰጣቸው፣ ለቅሶ በወጉ ላልተቀመጡ፣ ተዝካር ማውጣት እንዳለባቸው ለዓመታት ላልቆረጡ ቤተሰቦች ትክክለኛው ግሥ ነው። ተርጓሚ «ተገደለ» ብሎ ቢያስቀምጠው ነገሩን ያብራራ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን የተናጋሪዋን አርባ ዓመት መጠበቅ ሰርዞታል።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ውጭ ለሚሠሩት ይበልጥ ይከብዳል። በ1977 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች እጅግ ብዙ ሰው ቀብረዋል። የዚያ ጉዞ ምስክሮች ታሪካቸውን የሚያውቁት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚያስቡት በዕብራይስጥ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ባደጉ ልጆችና በአያቶቻቸው መካከልም ተመሳሳይ ክፍተት አለ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በመሐል የምታስተረጉም እናት ወይም አክስት ትኖራለች፤ እርሷም ለጠያቂው የማይገባ የመሰላትን፣ ለሽማግሌው ክብር የማይመጥን የመሰላትን እየለሰለሰች ታሳልፋለች። ስለዚህ ቃሉ በመጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ እንዳለ መጻፍ አለበት፤ ትርጉም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ስሕተት የሚመስለው

ጣሊያናዊው የቃል ታሪክ አጥኚ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ በቴርኒ ከተማ ያካሄደው ጥናት ለዚህ ክርክር መሠረት የሚሆን ነው። ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1949 ጣሊያን የኔቶ አባል መሆኗን በመቃወም በተደረገ ሰልፍ በፖሊስ ተገደለ። ፖርቴሊ ያነጋገራቸው በርካታ ሠራተኞች ግን ሞቱን እ.ኤ.አ. በ1953 ከፋብሪካው የጅምላ ቅነሳ ጋር በተያያዘው ግጭት ጊዜ እንደ ተፈጸመ አድርገው ተረኩ። ፖርቴሊ ይህን እንደ እርጅና ዝንጋኤ አልቆጠረውም። ሠራተኞቹ ያን ሞት በሕይወታቸው ትልቁ ሽንፈት ወደ ነበረው ቀን እንዳዛወሩት፣ ዝውውሩም ስለ ሞቱ ትርጉም የሚናገር ማስረጃ መሆኑን አሳየ።

የኢትዮጵያ አዛውንትም ዘመንን የሚቆጥሩት በዓመተ ምሕረት ብቻ አይደለም። «ጣሊያን የገባ ጊዜ»፣ «የታኅሣሥ ግርግር»፣ «መሬት የተደለደለ ዓመት»፣ «በደጉ ዘመን»፣ «ያ ክፉ ቀን» እያሉ ይቆጥራሉ። አንድ አያት የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ አንድ አድርገው ቢተርኩ የፊልም ባለሙያው ፈጣን ምላሽ በቅንብር ማረም ወይም «እንደዚያ አይደለም» ብሎ ማቋረጥ ይሆናል። የሚሻለው መንገድ ቃሉን እንዳለ ትቶ የዓመቱን ልዩነት በተለየ ማስታወሻ መመዝገብ ነው። ሁለቱን ረሃቦች አንድ ያደረጋቸው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይቻላል፤ ምናልባት በሁለቱም ጊዜ የተሸጠው ያው በሬ፣ የተሰደዱበትም ያው መንገድ ሊሆን ይችላል። የታረመ ቅጂ ይህን ጥያቄ ገና ሳይነሣ ይዘጋዋል።

ቅጂውና ፊልሙ

አንድ ምስል በቅንብር ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ኢትዮጵያውያን ከብዙዎች ቀድመው አይተዋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 በወሎ የቀረጸው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘገባ መጀመሪያ የተሠራው የዓለምን እርዳታ ለመቀስቀስ ነበር። ደርግ በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ይህንኑ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስና ተድላ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። የተራቡት ሰዎች ፊት አልተለወጠም፤ የሚናገረው ነገር ግን ተለወጠ። በምስሉ ውስጥ የነበሩት አዛውንትና ሕፃናት በሁለተኛው ትርጉም ላይ የተጠየቁት አንድም ነገር አልነበረም።

የቤተሰብ ፊልም የዚህን ያህል የፖለቲካ ክብደት ላይሸከም ይችላል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። አሥር ሰዓት ከተቀዳ ጭውውት የአርባ ደቂቃ ፊልም ሲወጣ የቀረው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በአብዛኛው ለሌላ ሥራ ቦታ ሲፈለግ ከሃርድ ዲስኩ ይሰረዛል። ለተመራማሪ ግን ትልቁ ሀብት ያ የቀረው ነው፤ ዝምታው፣ ድግግሞሹ፣ «ይህን አጥፋውና ልንገርህ» የተባለበት ቦታ፣ ቡና አፍልታ የገባችው ጎረቤት ጭውውቱን ወዴት እንደ መራችው። ፊልሙ የባለሙያው ድርሰት ነው፤ እንደ ድርሰትም ነጻነት ይገባዋል። ጥሬው ቅጂ ግን ሰነድ ነው፤ የሚጠበቅበትም የሰነድ ግዴታ ነው።

አያት እምቢ ማለት ይችላሉን?

የምርምር ሥነ ምግባር ከተጠያቂ የጽሑፍ ፈቃድ መቀበልን ይጠይቃል። በቤተሰብ ውስጥ ግን ወረቀቱ ብዙም አይናገርም። የልጅ ልጃቸውን «እምቢ» የሚሉ አያት ጥቂት ናቸው፤ ልጁ ከሩቅ መጥቷል፣ ትምህርቱ ነው ተብሏል፣ ማስቀየም አይፈልጉም። በሌላ በኩል በቀበሌ ስብሰባና በምዝገባ ዘመን ያለፈ ትውልድ ፊርማንና የጣት አሻራን በጥርጣሬ ያያል፤ ከመናገሩ ይልቅ መፈረሙ ያስፈራዋል። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን የፈቃድ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ትርጉም ያለው ፈቃድ አያት የተቀናበረውን ፊልም ካዩ በኋላ የሚሰጡት ነው፤ ምን እንደ ተናገሩና ቃላቸው ከምን ጎን እንደ ተቀመጠ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነውና። ፈረንሳዊው የፊልም ሠሪና አንትሮፖሎጂስት ዣን ሩሽ የቀረጻቸውን ፊልሞች መልሶ ለተቀረጹት ሰዎች በማሳየትና አስተያየታቸውን የሥራው አካል በማድረግ ይህ የሚቻል መሆኑን ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት አሳይቷል።

በአያት ታሪክ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም አሉ። በአብዮቱ ዘመን የጠቆመ ጎረቤት፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በቤቱ ያለ ደመወዝ ያገለገለች ሴት በታሪኩ ውስጥ ይነሣሉ፤ የእነዚህ ሰዎች ልጆች ዛሬም በዚያው ሠፈር ይኖሩ ይሆናል። አያት ፈቅደው ቢናገሩ እንኳ እነዚህ ሰዎች አልፈቀዱም። አያት ካረፉ በኋላ ደግሞ ስለ ቅጂው የሚወስኑት ወራሾች ናቸው፤ ከወራሾቹ አንዱ ራሱ የፊልሙ ባለሙያ ነው። ጠያቂ፣ አቀናባሪ፣ የመብት ባለቤትና ፈራጅ አንድ ሰው የሚሆንበት እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ የምርምር ዘርፍ በቀላሉ አይገኝም።

ይህ ማለት ግን ዝምታ ሁልጊዜ መከበር አለበት ማለት አይደለም። በካናዳ ያደገችው ዳይሬክተር ታማራ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው «ሳሊን ፍለጋ» በተባለው ዘጋቢ ፊልሟ በአብዮቱ ዘመን የኢሕአፓ አባል ሆና የጠፋችውን አክስቷን ታሪክ ተከትላለች፤ በቤተሰቡ ውስጥ ለዓመታት ሳይነሣ የኖረ ታሪክ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ሳሌም መኩሪያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያው ዘመን ስላጣቻቸው ወንድሟና ጓደኛዋ ፊልም ሠርታለች። ሁለቱም ሥራዎች የቤተሰብ ዝምታ ሲሰበር ለብዙ ሌሎች ቤተሰቦችም ቃል እንደሚሆን ያሳያሉ። ዝምታውን ለመስበር የሚያስፈልገው ግን የዝምተኛው ሰው ተሳትፎ ነው፤ ካሜራ በድንገት ደቅኖ የሚገኘው እንባ ይህን አይተካም።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ሥርዓቱ እስኪሟላ ሲጠበቅ አዛውንቱ ያልፋሉ ይባላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የሚመለከተው ግን መቅዳትን ብቻ ነው። ቀረጻው ነገ ሊጀመር ይችላል፤ ስልክም ይበቃል፤ የድምፅ ቅጂ ብቻም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ለሕዝብ ማሳየት ግን አንድ ዓመት ወይም አሥር ዓመት ቢዘገይ የሚጠፋ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ የሚያቻኩለው የአዛውንቱ ዕድሜ ሳይሆን የፊልም ፌስቲቫሉ ወይም የመመረቂያው ቀን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኪነ ጥበብ ነው፤ የፊልም ባለሙያ መዝገብ ጠባቂ አይደለም፣ በግዴታ ብዛት ሥራው ይደርቃል የሚል ነው። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቀደም ሲል የተጠቀሰው ልዩነት ነው። ግዴታው በጥሬው ቅጂ ላይ ይውደቅ፤ ፊልሙ ነጻ ይሁን። እንዲያውም ጥሬው ቅጂ በታማኝ ስፍራ መቀመጡን የሚያውቅ ባለሙያ በቅንብሩ ይበልጥ መድፈር ይችላል፤ የቆረጠው ነገር እንደማይጠፋ ያውቃልና።

ከዚህ የሚከተለው

ከላይ የቀረበው ክርክር ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች ጥቂት ተግባራዊ ውጤቶች አሉት። በቤተሰብ የሕይወት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ለመመረቂያ ሲቀርብ ከፊልሙ ጋር ያልተቀናበረው ቅጂ በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች መቀመጡ ሊረጋገጥ ይገባል፤ አንድ ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል፤ በቴሌግራም የተላከ የታመቀ ቪዲዮ ግን እንደ ቅጂ ሊቆጠር አይገባም። ከቅጂው ጋር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቋንቋውን፣ በክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሰዎችና የጠያቂውን ዝምድና የሚገልጽ አንድ ገጽ መያያዝ አለበት። ለልጅ ልጅ በማይነገሩ ጉዳዮች ላይ ቢያንስ አንዱን ቀረጻ ዝምድና የሌለው ሰው፣ ለአያት ደግሞ በሚመቻቸው ፆታ ያለ ሰው እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። አያት ፊልሙን ከሕዝብ በፊት እንዲያዩ፣ ካዩም በኋላ «ይህ ይቅር» የማለት መብት እንዲኖራቸው፣ እንዲቀር ያሉትም ክፍል ሳይጠፋ ራሳቸው በወሰኑት ዓመት ተዘግቶ እንዲቀመጥ መደረግ አለበት። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ቅጂ የሚረከቡበትን ደንብ ቢያዘጋጁ ከፍተኛ ወጪ አይጠይቃቸውም።

ፈታኞችም መመዘኛቸውን ሊያስተካክሉ ይገባል። አንድ ተማሪ አሥር ሰዓት ቃል በተነገረበት ቋንቋ ጽፎ፣ ሰንዶና በፈቃድ አስቀምጦ የሃያ ደቂቃ ፊልም ብቻ ቢያቀርብ ያ አሥር ሰዓት የፊልሙ ትራፊ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በሰባኛው ዓመት የሚመጣ አጥኚ የመሬት አዋጁ በአንድ ጓሮ ምን እንደ ለወጠ ሲጠይቅ ብዙውን መልስ የሚያገኘው ከዚያ ውስጥ ነውና ከፊልሙ እኩል ነጥብ ሊሰጠው ይገባል።